የቡላኦሱ ሰጋጅ

ለሥራ ጉዳይ ከቤቱ ርቆ የሚሄድ ሰው፣ የውሎ አበሉን ተቀብሎ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ ቤተ ሰቡን ተሰናብቶ ከወጣባት ሰዓት ጀምሮ እስኪመለስ ድረስ ዋነኛ ሥራው መቀመጥ መሆኑን በውል ያስተዋልሁት፣ ከአምስተኛው የጅቡቲ ጕዞዬ በተመለስሁ ሰሞን፣ ባለቤቴ የሱሪዬን ወገብ እንዲያሰፋላት ለልብስ ሰፊው ብትሰጠው፣ «እመቤቴ፣ ከዚህ በኋላ የሚለቀቅ ጨርቅ የለም፤ የቀረው ሰውዬውን ማጥበብ ነው» ብሎ በመለሰላት ቀን ነው። ነገሩን ባስበው ልብስ ሰፊው አልተሳሳተም። መንገደኛ በባቡር ይቀመጣል፤ በትራንዚተር ቢሮ ይቀመጣል፤ ሰነዱ አልደረሰም ሲሉት በደጃፍ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ነገ ና ሲሉት ደግሞ ለነገው መቀመጥ ኀይል ለማጠራቀም ወደ ማረፊያው ሄዶ ይቀመጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ሕዋሳቱን የሚያንቀሳቅስበት ጊዜ ቢኖር ሲጐርስ ብቻ ነው፤ አበል የተባለው ነገር ለመብል ተብሎ የተቈረጠ ስለሆነ፣ ሳይበሉት የቀረ አበል ከኪስ እንደ ወደቀ ገንዘብ ያንገበግባል።

ሐኪሙ፣ የልጄ እኩያ የሚሆን ትሑት ወጣት፣ የደሜን ምርመራ ወረቀት አገላብጦ ካየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ስኳሩ ገና ከደጅ ነው፤ ነገር ግን ጫማውን እያወለቀ ነው» አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንደሚመክር፣ ይህም በአምስት ቀን ቢከፈል በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ እንደሚደርስ በትዕግሥት አስረድቶ ጂም እንድገባ መከረኝ። እኔ ግን ከዓመቱ አራቱን ወር ያህል የአንድ አስመጪ ድርጅት ኮንቴይነሮች ጠባቂ ሆኜ ጅቡቲ የምከርም ሰው ስለሆንሁ፣ አዲስ አበባ በከፈልሁበት ጂም ጅቡቲ ተቀምጬ ላብ ማውጣት እንደማይቻለኝ ነገርሁት። «እንግዲያስ ጂሙን ይዘውት ይሂዱ» አለኝ፤ ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ።

ቀልድ አለመሆኑን የተረዳሁት ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ አንዲት ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ባገኘሁ ጊዜ ነው። መጽሐፏ የካናዳ ንጉሣዊ አየር ኀይል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ያወጣት ስትሆን፣ ስሟ በአማርኛ ቢመለስ «አምስቱ መሠረታውያን እንቅስቃሴዎች» ይሆናል። ያ አየር ኀይል ብዙ አብራሪዎቹ የሰውነት ብቃት እንደ ጐደላቸው ባየ ጊዜ፣ ከእነርሱም መካከል በሩቅና በብርዳም ሰፈር የሚኖሩት የስፖርት አዳራሽም መሣሪያም የማያገኙ ስለ ነበሩ፣ ቢል ኦርባን የተባለ ምሁር ያለ አንዳች መሣሪያ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በቀን በ11 ደቂቃ የሚፈጸም ሥርዓት አዘጋጀላቸው። ሥርዓቱም ከማኅሌት ባልተናነሰ ጥንቃቄ የተመደበ ነው፤ ጐንበስ ቀና ማለት 2 ደቂቃ፣ ተንጋልሎ መነሣት 1 ደቂቃ፣ በደረት ተኝቶ ራስንና እግርን ማንሣት 1 ደቂቃ፣ ፑሽ አፕ 1 ደቂቃ፣ ከዚያም በቆሙበት መሮጥ 6 ደቂቃ፤ በሩጫውም መካከል በየ75 እርምጃው መዝለል አለ። ብርድ ከቤት ባስቀረው ካናዳዊና ሙቀት ከቤት ባስቀረው ኢትዮጵያዊ መካከል ልዩነት አልታየኝምና፣ መጽሐፏን ከሸሚዞቼ መካከል አኑሬ ሐምሌ ሲገባ ጕዞዬን ጀመርሁ።

አዲስ አበባን በጃንጥላና በካፖርት ትቼ፣ ከለቡ በአዲሱ ባቡር ተሳፍሬ ናጋድ ስወርድ፣ የጅቡቲ አየር አክንባሎው እንደ ተነሣ ምጣድ ፊቴ ላይ ተነፈሰብኝ። በዚያ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ መዝለሉ የተለመደ ነው፤ ካምሲን የሚሉት አቧራ ያዘለ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ፣ ነፋስ ማለት ማብረጃ ነው ተብሎ ያደገ ደገኛ እምነቱ ይናወጣል። ቡላኦስ፣ የጅቡቲ ከተማ ከተከፈለችባቸው ከሦስቱ ኮሙኖች አንዷ፣ ሕዝቡም ጥቅጥቅ ብሎ የሚኖርባት ናት፤ ራስ ዲካ ባሕሩንና ፈረንሳዮች የሠሩትን አሮጌ ከተማ ይዛለች፤ ባልባላ ደግሞ ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ ተዘርግታለች፤ ወንዙም፣ ወንዝ ከተባለ፣ ዓመቱን ሁሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ሆኖ ተኝቶ፣ በተነሣ ቀን ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳደረገው፣ ቤትና ሰው ጠርጎ የሚሄድ ነው። የቡላኦስ ሰፈሮች እንደ እኛዎቹ በራስ፣ በደጃዝማችና በታቦት ስም አይጠሩም፤ ካርቲዬ አንድ፣ ካርቲዬ ሁለት እየተባሉ እስከ ሰባት ይቈጠራሉ፤ አዋቂ ሰው አድራሻውን ሲናገር የተማሪ ቤት ክፍሉን የሚናገር ይመስላል። በማለዳ ባጌት የሚሸጡ ሴቶች፣ አረንጓዴና ነጭ የተቀቡ ታክሲዎች፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚካሰሱ ቍራዎች ሰፈሩን ይሞሉታል፤ ቀትር ሲሆን ቢሮው ሁሉ ይዘጋል፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት የደረሰ እንደ ሆነም ከተማው በአንድነት ጋደም ይላል። የከተማው ሕግ ራሱ መቀመጥ በሆነበት ስፍራ ለመንቀሳቀስ መነሣቴ የመጀመሪያው ስሕተቴ ነበር።

ያረፍሁበት ቤት ታችኛው ብሎኬት፣ ላይኛው ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የቤቱ እመቤት ድሬዳዋ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው በአሮጌው ባቡር ሲመላለሱ ኖረው፣ ኋላ እዚያው የቀሩ ስድሳን ያለፉ ሴት ናቸው፤ እኔን ላይኛው ክፍል አስገብተው እርሳቸው ከበታቼ ይተኛሉ። የድሬ ሰው አንቱታ አያውቅም የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ ገና ከደጃፉ ስቆም፣ በዕድሜም በሻንጣም ሳያፍሩ፣ «ግባ አቦ! ምን ቆመህ ትቀልጣለህ?» ነበር ያሉኝ። እኔም በሸዋ ልማዴ «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ» እያልሁ፣ እርሳቸውም «አንተ» እያሉኝ በሰላም መኖር ጀመርን። ይህችን አንተታ አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የታሪኩ መሠረት እርሷ ናት።

በመጀመሪያው ሳምንት ከቤት ውጭ ለመሮጥ መሞከሬን አልሸሽግም። ሐሳቤም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የእኛ ሯጮች ከ3,000 ሜትር በላይ በሚነሣው በእንጦጦ ተለማምደው ቆላ ወርደው የሚያሸንፉት፣ የሳሳ አየር የለመደ ሳንባ ከባሕር ወለል ሲደርስ ስለሚጠግብ ነው ይባላል፤ ስለዚህ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከ2,300 ሜትር በላይ ስተነፍስ የኖርሁት ሰው ቡላኦስ ላይ ክንፍ ማውጣት ይገባኝ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ የነግህ አዛን ሳያልቅ፣ ቍምጣ ታጥቄ ወጣሁ። ሁለት መቶ እርምጃ ሳልሄድ ሳንባዬ ጠገበ፤ ጠግቦም ሞላ፤ ሞልቶም አልቀበልም አለ፤ አየሩ ተነፍሶ የሚሳብ ሳይሆን ተነክሶ የሚታኘክ ነበርና። አንድ ታክሲ ነጂ ፍጥነቱን ከእኔ ጋር አስተካክሎ፣ በሩን ከፍቶ፣ ሆስፒታል ነው አየር ማረፊያ በሚል ዐይን እያየኝ ረዥም መንገድ ሸኘኝ። ከሻይ ቤት ደጃፍ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ አገራችንን የሚያውቁ ኖረው፣ በጠራ አማርኛ፣ «ማነው የሚያባርርህ ልጄ?» አሉኝ። «ሐኪም» ብዬ መለስሁላቸው። «ምን ወስደህበት?» አሉ።

ሽማግሌው ሩጫን የማያውቁ አገር ሰው አይደሉም። ሑሴን አሕመድ ሳላሕ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ሂሮሺማ ላይ የማራቶንን የዓለም ዋንጫ የወሰደው፣ በ1988ም ሴኡል ላይ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ሳንሄድ በቀረንበት ኦሊምፒክ፣ ነሐስ ያጠለቀው የዚያችው አገር ልጅ ነው፤ ያችም ነሐስ እስከ ዛሬ ድረስ የጅቡቲ ብቸኛ የኦሊምፒክ ሜዳልያ ናት። ይህን አንሥቼ ልከራከራቸው ብል፣ ከራስ ጠጕሬ እስከ ቍምጣዬ ቀስ ብለው ከተመለከቱኝ በኋላ፣ «እርሱማ ቀጭን ነው» ብለው ወደ ሻያቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ እንደ ካናዳውያኑ በሬን ዘግቼ መጋደል ሆነ ተስፋዬ። ክፍሌ አራት እርምጃ በሦስት እርምጃ ናት፤ በውስጧ አልጋ፣ ወንበር፣ ማራገቢያና ውሃ የሚቀመጥባቸው ሁለት ቢጫ ጄሪካኖች ነበሩ። አንዱ ጄሪካን ሲሞላ ሃያ ሊትር፣ ማለትም ሃያ ኪሎ ይመዝናል፤ ሲጐድልም እንደ አቅም እየቀነሱ የሚያነሡት የተባረከ ዕቃ ነው፤ አምራቹ እጀታ የሠራለት ለውሃ ቀጂ ብቻ አስቦ አይመስለኝም። ለቀጭን ክንድ ሥራ ሁለት የሃይላንድ ውሃ አለ። ሻንጣዬ ደግሞ በሰነድ ኮፒ ስለ ተሞላች በጀርባ ስትታዘል ትከሻ ታስጨንቃለች፤ ለአንድ ኮንቴይነር ይህን ያህል ወረቀት ለምን እንደሚያስፈልግ ለብዙ ዓመት ሳይገባኝ ኖሮ ያን ጊዜ ጥቅሙ ተገለጠልኝ። የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የጅቡቲ መብራት በብዛት ከእኛ በተዘረጋ መስመር ይመጣል፤ ከ2017 ወዲህ ደግሞ በሶማሌ ክልል ከሀዳጋላ አካባቢ ከተቈፈሩ ጕድጓዶች፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ቧንቧ፣ የመጠጥ ውሃ ይወርድላታል። እንግዲህ ማራገቢያው በአገሬ ኀይል ይሽከረከራል፤ እኔም የአገሬን ውሃ አነሣለሁ፤ አልነሣ ያለው የአገሬ ኮንቴይነር ብቻ ነበር።

የመጽሐፏን ሥርዓት ከአንድ እስከ አራት ያለ ነውር ፈጸምሁ። አምስተኛው፣ በቆሙበት መሮጡ፣ ለጣውላ ወለል የታሰበ አልነበረም። ሰባ አምስት ቈጥሬ ስዘል ከታች የሸክላ ድምፅ ሰማሁ፤ ሁለተኛውን ሰባ አምስት ቈጥሬ ስዘል «ኧረ ምንድነው አቦ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስለዚህ በነጋታው ሩጫውን ትቼ፣ የከባድ መኪና ነጂ የሆነ አንድ ወጣት ያሳየኝን «በርፒ» የሚባለውን ተካሁበት። ይህ እንቅስቃሴ ከቆሙበት ቍጢጥ ብሎ፣ እጅን መሬት አስነክቶ፣ እግርን ወደ ኋላ ወርውሮ፣ በደረት ወርዶ፣ እንደ ገና ተሰብስቦ መነሣት ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከሮያል በርፒ ሲሆን፣ ይህ የኒው ዮርክ ሰው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሰውን የሰውነት ብቃት ፈጥኖ ለመመዘን ያወጣው ፈተና ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የአሜሪካ ጦር ምልምሎቹን ይመዝንበት ነበር። እኔም ሰባት ሠርቼ ዐርፌ፣ ሰባት ሠርቼ ዐርፌ፣ ስድስት ጊዜ እደጋግመዋለሁ። ስድስት ጊዜ ሰባት አርባ ሁለት መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ ነገር ግን የመጨረሻይቱ ሁልጊዜ ስለምታቅተኝ አርባ አንድ ላይ እወድቃለሁ። በወረድሁ ቍጥርም፣ ከሕፃንነቴ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ልማድ ይሁን ወይም ከጕልበቴ ሕመም፣ «እግዚኦ!» የሚል ቃል ያመልጠኛል።

በአራተኛው ቀን ለቡና ስወርድ፣ እትዬ ከበርጩማቸው ብድግ ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ይቀመጡ» አሉኝ።

ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ አየሁ፤ ሌላ ሰው አልነበረም። «ደኅና አደሩ? ሌሊት አልተኙም መሰለኝ፤ እግዚአብሔር ይቀበልልዎ» አሉና፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ለጐረቤት ሴቶች ይሰጥ የነበረውን አቦል በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። አርባ አንዱን ከታች ሆነው ቈጥረውታል! ከእያንዳንዱ ድምታ ጋር «እግዚኦ» ሰምተዋል! ለነፍሱ የሚጋደል ሰው በጣሪያቸው ላይ እንዳለ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያሻቸው? በዚያች ቅጽበት እውነቱን መናገር ይገባኝ ነበር፤ ሳስበው ግን፣ «እትዬ፣ ስግደት አይደለም፤ ቦርጬን ለማጥፋት ነው» ብሎ መናገር ለአንድ የሃምሳ ዓመት ሰው እንዴት ያለ ውርደት መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ደግሞም አንቱታው፣ እውነት ለመናገር፣ ጣመኝ። አባቶች ውዳሴ ከንቱ የሚሉት እባብ እንደዚህ ከአቦል ቡና ጋር ሞቅ ብሎ የሚገባ መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ነገሩን ሌሊት ጋደም ብዬ ሳወጣ ሳወርደው፣ የእትዬ ጆሮ ያን ያህል አለመሳሳቱን ተገነዘብሁ። ሥርዓታችን ራስን ዝቅ ማድረግን አድንኖ፣ በጕልበት መንበርከክን አስተብርኮ፣ ግንባርን ከምድር ማድረስን ሰጊድ ብሎ ለይቶ ያስቀመጠው የኒው ዮርኩ ሰው ከመወለዱ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ነው፤ ሦስቱን አከታትሎ የሚፈጽም ሰው ከርቀት ቢታይ በርፒ የሚሠራ ይመስላል፣ ወይም በርፒ የሚሠራ ሰው የሚሰግድ ይመስላል። መቋሚያ ተደግፎ፣ ጸናጽል እየጸነጸለ፣ ከበሮ ታጥቆ እየተወዛወዘ ሌሊቱን ሙሉ በእግሩ ቆሞ የሚያድር ደብተራ፣ ሰውነቱን ያጠነክር ዘንድ ቆመ የሚለው የለም፤ ጤናው ግን ከእኔ ይሻላል። በእኛ ዘንድ ለጽድቅ፣ ለእርሻ፣ ለጦርነት ወይም ለለቅሶ የደከመ ገላ ክቡር ነው፤ ለገዛ ራሱ ሲል ብቻ የሚደክም ገላ ግን በር መዝጋት ያስፈልገዋል። በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ በማለዳ የሚወጡትን የሚወርዱትን ወጣቶች ባየሁ ጊዜ የሚገርመኝ ጕልበታቸው አይደለም፤ ሳያፍሩ መሥራታቸው ነው።

ክብር ግን ግዴታ አለው። በመጀመሪያው እሑድ እንደ ልማዴ ሁለተኛውን ሰባት ስጀምር በሬ ተንኳኳ፤ እትዬ በደረጃው ላይ ነበሩ። «ይቅር ይበሉኝ ወንድሜ፤ እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔ መሃይም ነኝ፤ ግን በሰንበት ይሰገዳል እንዴ?» አሉኝ። አፌ ተያዘ። «ቀኑ ተምታታብኝ» አልሁ። እርሳቸውም ለመንገደኛ ሰው ቀን መምታታቱ እንደማይቀር ተናግረው አጽናኑኝና፣ ስግደት የማይፈቀድባቸውን ዕለታት እየቈጠሩ አስታወሱኝ፤ ቅዳሜና እሑድ፣ ወር በገባ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የእመቤታችን፣ በ29 በዓለ ወልድ፤ የጌታ በዓላት ሲመጡም እንደዚሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰውነቴ ማጎልመሻ በባሕረ ሐሳብ ሲመራ ሰነበተ። ጅቡቲ የዕረፍት ቀኗ ዓርብና ቅዳሜ ነውና፣ ዓርብ ቢሮው ተዘግቶ ጕልበቴ ይከፈታል፤ እሑድ ቢሮው ተከፍቶ ጕልበቴ ይዘጋል። ጡንቻ የሚያድገው በዕረፍቱ ቀን ነው የሚሉትን የስፖርት አዋቂዎች እትዬ ሳያነቡ ቀድመዋቸዋል።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታም ተያዘች። እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ከበላያቸው ባሕታዊ ያስቀመጡ ሴት ባሕታዊውን ቁርስ ይበላል ብለው አይጠረጥሩምና እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምሁ። የመናውያን በእሳት ጠብሰው ከሰፊ ቂጣ ጋር የሚያቀርቡትን ዓሣ፣ የአበሌን ዋነኛ ደስታ፣ በደጃፉ እያለፍሁ በአፍንጫዬ ብቻ ተሳለምሁት። ወሬው ከካርቲዬ ወደ ካርቲዬ ተሻግሮ ኖሮ፣ የጭነት መኪና ነጂዎቹ ሳይቀሩ ከወንበር ይነሡልኝ ጀመር፤ አንደኛውማ፣ ለብዙ ቀን የቆመ መኪናው እንዲጫንለት በጸሎቴ እንዳስበው አደራ አለኝ። የራሴ ኮንቴይነር ዲመሬጅ እየቈጠረ መቀመጡን ቢያውቅ ኖሮ ሌላ አባት በፈለገ።

አንድ ቀን ማታ ግን እትዬ አንዲት ጐረቤታቸውን ይዘው መጡ። ሴትዮዋ ጥቍር ነጠላ አጣፍታ፣ ከበሩ ሳትገባ ቆመች። ልጇ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ከተሻገረ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶባታል። «ብዙ አላስቸግርዎትም፤ ከሚሰግዱት ላይ ሰባት ብቻ ይጨምሩልኝ» አለችና የልጇን የክርስትና ስም፣ እንዳልረሳው ሁለት ጊዜ ደጋግማ ነገረችኝ። እትዬ ወደ እኔ አላዩም፤ ወለሉን ነበር የሚያዩት። «እሺ» አልሁ።

በዚያች ሌሊት ጄሪካኖቹን ከምሥራቁ ግድግዳ አነሣሁና ስፍራውን ጠርጌ ቆምሁ። ሰባት ምን ያህል እንደ ሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ በየሌሊቱ ስድስት ጊዜ እቈጥረው የለም? ጕልበቴ ያው ጮኸ፤ ላቤ ያው ወረደ፤ ግንባሬ ጣውላውን ሲነካ ግን የክርስትና ስሙን ከአፌ አውጥቼ መጥራት ነበረብኝ፤ በስሙ መካከል ትንፋሽ መውሰድ ደግሞ አልቻልሁም። ሰባቱን ስጨርስ በርፒውን ሳልጀምር ተኛሁ። እስከ ጾሙ መጨረሻ፣ እትዬ ከቈጠሩልኝ ዕለታት በስተቀር፣ ሰባቱን አስቀድሜ፣ አርባ አንዱን አስከትዬ፣ ሁለቱን ሳልቀላቅል ኖርሁ።

የተያዝሁት ነሐሴ 16 ነው። ጾሙ ተፈትቶ፣ ሌሊቱን ከታች የሽንኵርትና የቅመም ሽታ ሲወጣ አድሮ፣ እኔ ከሰነድ ጋር ስታገል ስላመሸሁ የፍልሰታን በዓል ከነጭራሹ ዘንግቼ በሰዓቴ ተነሣሁ። በርፒውን ጨርሼ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ እግሮቼን ወደ ቆርቆሮው አንሥቼ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ሳሽከረክር፣ መጋረጃው ተገለጠ። እትዬ በአንድ እጃቸው የዶሮ ወጥ በሳሕን ይዘዋል፤ ፊታቸው በበዓል የሚሰግድን ሰው ሊገሥጹ የመጡ መሆናቸውን ይናገራል። ተገልብጦ እንደ ቀረ ጢንዚዛ በአየር ላይ የሚርገበገቡትን እግሮቼን ጥቂት ተመለከቱ።

«ይሄኛውስ ለየትኛው ታቦት ነው?» አሉ።

ተነሥቼ ተቀመጥሁ። ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ካናዳ አብራሪዎች፣ ስለ ሱሪዬ ወገብ ሁሉንም ተናዘዝሁ፤ መጽሐፏንም ከነሥዕሏ አሳየኋቸው። ሳሕኑን አልጋው ላይ አስቀምጠው በወንበሬ ተቀመጡና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ዕንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። «ኧረ አንተ! አንተ! እኔ ደግሞ አቦል ስቀዳልህ!» አንተታው በአንዴ ተመለሰ፤ ለምን እንደ ሆነ አላውቅም፣ ክፍሉ ቀዘቀዘልኝ። ከዚያ ሣቃቸው ቆመ። «የልጁንስ?» አሉ ቀስ ብለው።

«የልጁን ሰግጃለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሰባቱንም። በበዓልም በሰንበትም ሳልደፍር።»

ዐይኔን ሲያዩ ቆዩና ዶሮውን ወደ እኔ ገፉት። «ብላ በል፤ ይቀዘቅዛል።»

ቡና ላይ ነገሩ ተመልሶ ተነሣ። ክብሬን በጥቂቱም ቢሆን ለማዳን ብዬ፣ አበበ ቢቂላም እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ አምስት ሳምንት ገደማ ብቻ ሆኖት ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨርሶ በሣሩ ላይ ጂምናስቲክ ሲሠራ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ አደነቀው እንጂ እንዳልሣቀበት ተናገርሁ። እትዬም ስኒውን እያጠቡ፣ «አበበ አርባ ሁለቱን ኪሎ ሜትር ጨርሶ ነዋ የተዘረጋው፤ አንተ አርባ አንድ ላይ ትዘረጋለህ» አሉኝ። ቀጥለውም የራሳቸውን ስፖርት አወሩልኝ፤ በአሮጌው ባቡር፣ በዚያ 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ ሳልባጅና ሩዝ ሲያመላልሱ፣ ፈታሽ ሲመጣ ቦንዳውን በመስኮት ወርውሮ፣ ባቡሩ ዳገት ላይ ሲያዘግም ዘሎ ወርዶ፣ ቦንዳውን አንሥቶ፣ ሮጦ በኋለኛው ፉርጎ መሳፈር ነበር። «ያን ጊዜ ወገቤን የሚያመኝ አልነበረም» አሉና፣ ትንሽ አስበው፣ «ያ ብስክሌቱ ለወገብ ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ።

ኮንቴይነሩ የተለቀቀው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው፤ ቀበቶዬ በሁለት ቀዳዳ ጠብባ ነበር፤ ሐኪሙ የበርፒው ነው፣ እትዬ የጾሙ ነው ይላሉ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት በሬን አልዘጋሁም። ግቢው ከክፍሉ ስለሚሻል፣ ጀርባዬን ሁሉም ይየው ብዬ፣ ከቍራዎቹ በታች ምንጣፍ አነጠፍሁ፤ የጭነት መኪና ነጂዎቹም ሁለት ሦስት ሆነው ገቡበት። እትዬ በግራ በቀኝ አንዳንድ ሃይላንድ ይዘው፣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ክንዳቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ቍጥር ይቈጥሩልናል። ነጂዎቹ ቀድመውኝ ይጨርሳሉ። እኔ በመጨረሻው ቀን፣ ባቡሩ ሊነሣ ሰዓታት ሲቀሩት፣ እንደ ልማዴ በደረቴ ወድቄ ምንጣፉን ሳሸት፣ «አርባ አንድ» አሉ እትዬ፤ ከዚያም ዝም አሉ። ቀና ብዬ ባይ ሃይላንዶቹን ጕልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቁኛል።

«አርባ አንዱን ለላይኛው ቈጥሬልሃለሁ» አሉ። «ተነሥ አቦ፤ አንዷን ደግሞ ለቦርጭህ።»